አባትሽ ሰው ያስቃል

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ ይሻው
ቤሩት

እየሩስዬ፣ የእናትሽ ዓይን፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የደረትሽ ሳል ለቀቀሽ? እኛ በእመቤታችን ቸርነት አለን። ዘንድሮ ከጉና የሚወርደው ውርጭ የመስኖውን ድንች ቢለበልበውም የተረፈውን እየሸጥሁ ነው። ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ ኤሌኒ ናት፤ የወንድሟን ሠርግ በልታ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ትመለሳለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩንማ አላነሳ አልሽ። ከኅዳር ወዲህ በደወልሁ ቁጥር የማላውቃት ሴትዮ በማላውቀው ቋንቋ ተናግራ ትዘጋብኛለች። ታማ ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ከርሜ፣ ደህና መሆንሽን የነገረችኝ ኤሌኒ ናት። ብታነሺውም ኖሮ አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ በደህናው ጆሮው ስለሚያዳምጥ፣ ልነግርሽ የፈለግሁትን አልነግርሽም ነበር።

የተቆጣሽበትን አውቄዋለሁ። አባትሽ መድረክ ላይ ቆሞ ስላንቺ የቀለደውን ቪዲዮ አይተሽ ነው። ተቆጪ ልበልሽ ወይስ አትቆጪ፣ እኔም ገና አልለየልኝም። ከመነሻው ልንገርሽና ምናልባት አንቺ ትለይልኝ ይሆናል።

አባትሽን በምን እንደምታውቂው አውቃለሁ። ከዘመቻ ሲመለስ አራት ዓመት እንኳ አልሞላሽም ነበር። ጢሙን ስታዪ ሮጠሽ ከቀሚሴ ሥር ገባሽ፤ እሱም ሊያባብልሽ አልሞከረም፤ ቆሞ አየሽና ዞር አለ። ከዚያ ወዲህ የእህል መጋዘን እየጠበቀ፣ በልቶ ተኝቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ እንዲያው እንደዚያ ኖረ። ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሁለቱን ጣቶቹን እንዴት እንዳጣ እንኳ የሰማሁት አብረውት ከሠራዊቱ ከተቀነሱ ሰዎች ነው። ስትሄጂ ለጓደኛሽ «እዚህ ቤት ከአባቴ ግድግዳው ይሻላል፣ ግድግዳውስ ሲዘንብ ያንጠባጥባል» ስትያት ሰምቻለሁ። ያልሰማሁ መስዬ ሻንጣሽን አሰርሁ።

ባለፈው ሐምሌ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወረደ ሲባል እዚህ ከተማ የድሮ ወታደሮችን አዳራሽ ሰበሰቧቸው። ስለ ሰላም ጥቅም ከእናንተም ሰው ይናገር ተባለ። አባትሽን ጎኑን እየጎሰሙ አስነሱት። ተነሥቶ እጁን አየና «መንገዱ ተከፈተ አላችሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ ሁለት ጣቶች እዚያ ቀርተዋል። እንግዲህ እኔ ልሂድላቸው ወይስ እነሱ ይመጣሉ?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሹማምንቱ ሳይቀሩ ሳቁ። አባትሽ ቤት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ «ፈንታነሽ፣ እኔ እኮ የምሬን ነው። ለምንድን ነው የሳቁት?» አለኝ። እኔም ሳቄ መጥቶ አፌን በነጠላዬ ይዤው ነበር።

ከዚያ ስብሰባ ላይ ዋልልኝ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀልድ ዝግጅት ያሰናዳል። ስታንድ አፕ ኮሜዲ ነው የሚሉት፤ ማሲንቆ የለው፣ ከበሮ የለው፣ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ብቻውን ቆሞ ያወራል፣ ሌላው ከፍሎ ይስቃል። ይኸው ዋልልኝ መጋዘኑ በር ላይ እየተመላለሰ አባትሽን ነዘነዘው። አባትሽ እንቢ ሲል ሰነበተና አንድ ቀን ኮቱን አስተኩሶ ሄደ። ምን እንዳስነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አፈርሁ፣ ልጄ። ገበያ ላይ ሴቶቹ ድንች እየመረጡ «ባልሽ አዝማሪ ሆነ አሉ» ይሉኛል። ሃምሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ የክርስትና ልጆች ያሉት ሰው! ጥይት ያልጣለውን ሰው ማይክ ሊጥለው ነው እያልሁ አጉረመረምሁ። እሱ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ይሄዳል፤ ሲመለስም እንደ ወትሮው ዝም ብሎ እራቱን ይበላል። ሰው ሁሉ ከአባትሽ አፍ ቀልድ ሰምቶ ይመጣል፤ ቤታችን ግን ያው ነው።

በጥቅምት አላስችል አለኝና ሳልነግረው ሄድሁ። ከኋላ፣ ምሰሶ ተከልዬ ተቀመጥሁ። ወጣ። ልጄ፣ ሌላ ሰው ነው የወጣው። አረማመዱ የሱ ነው፣ ኮቱ የሱ ነው፤ አነጋገሩ ግን የሱ አይደለም። ቃሉን ይጎትተዋል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ «የእናቴ ልጅ» እያለ ይጠራል። አባትሽ ሰውን የእናቴ ልጅ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ስለ አንድ በላይነህ ስለሚባል ጓደኛው አወራ። «ከኛ ምሽግ እስከ እነሱ ምሽግ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። በላይነህ ደግሞ ሲያንኮራፋ አህያ ያስበረግጋል። አንድ ሌሊት ከማዶ አንዱ ጮኸና፣ ‹ኧረ ያንን ሰው በጎኑ አስተኙልን፣ ወይ መጥተን እንገልብጠው› አለን። አዛዣችን ተጨነቀ። ከዚያ ወዲያ ጠላትን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ፣ በላይነህን የሚያገላብጥ ሁለት ዘበኛ ተመደበ። የእናቴ ልጅ፣ እኔ ሜዳሊያ ባገኝ ኖሮ በማገላበጥ ነበር» አለ።

ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን እንባው ሳቁ ካቆመም ወዲያ አልቆም አለ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ተኝቼ ያልነገረኝን ነገር ከማላውቀው ሕዝብ ጋር ከፍዬ ገብቼ ሰማሁት። አጠገቤ የነበረች ተማሪ «እማማ፣ ሰውየውን ያውቋቸዋል እንዴ?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኋት። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ እንጃ።

ቤት ስንገናኝ በላይነህ ማነው ብዬ ጠየቅሁት። «የሞተ ሰው ነው» አለና እግሩን መታጠብ ጀመረ።

አሁን ወዳንቺው ነገር ልምጣ። በኅዳር ነው፤ እኔ አልነበርሁም። የተናገረውን ቃል በቃል የነገረችኝ ኤሌኒ ናት፣ በጥር ስትመጣ። «እኔ ፈንጂ ጠራጊ ነበርሁ፤ ልጄ ደግሞ ቤሩት ቤት ጠራጊ ናት። ሙያው በዘር ነው። ልዩነቱ፣ እኔ የሳትሁት እንደሆነ ራሱ ይፈነዳል፤ እሷ የሳተችው እንደሆነ እመቤቲቱ ትፈነዳለች።» ይህንን ሰው በስልክ ቀርጾ በተነው። እናንተም ዘንድ ደርሶ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታገኟቸው ልጆች «የጠራጊው ልጅ» እያሉ እንደ ጠሩሽ፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ እነሱ ዘንድ መሄድ እንዳቆምሽ ኤሌኒ ነገረችኝ። እኔ ለዘመድ ሁሉ ልጄ ሕፃን ነው የምትጠብቀው ብዬ ነበር የምናገረው።

ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ቀን ጮኼበት አላውቅም። ልጅህን ለሰው መሳቂያ ሰጠሃት፣ እዚያ ሰው አገር ብቻዋን ያለችውን አልሁት። የማይመልስልኝ መስሎኝ ነበር። መለሰልኝ። «ስለ እሷ ላወራ ፈልጌ ነው» አለ። «ከቀልድ በቀር በምን እንደማወራ አላውቅም።» ከዚያ ወዲያ ያንን ቀልድ ተናግሮት አያውቅም፤ ዋልልኝ ሰው ይወደዋልና ድገመው ቢለውም እንቢ ብሏል። ይህንን እወቂልኝ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አባትሽ ምሳውን በልቶ ወደ ሆቴሉ ሄዷል። አንዲት ባልቴት በራችን ላይ ቆሙ፤ ነጠላቸውን አደግድገዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ከአንበሳሜ በሚኒባስ መምጣታቸው ነው። «የአሥር አለቃ ይሻው ቤት ይህ ነው?» አሉኝ። ነው፣ ይግቡ አልኋቸው። አልገቡም።

«አሰለፈች እባላለሁ። የበላይነህ እናት ነኝ» አሉ።

ሰውየው ሞቶ፣ እኛ ስሙን ይዘን መሳቂያ አድርገነው፣ አሁን እናቱ መጡብን አልሁ። በላይነህ እናት እንዳለው እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ለእኔ የቀልድ ሰው ነበር። ባለቤቴ ወጥቷል፣ ይረፉ፣ ሲመለስ ያገኙታል ብዬ ላዘገያቸው ሞከርሁ። «የሚናገርበትን ቦታ ለማየት ነው የመጣሁት» አሉ። በባጃጅ ይዣቸው ሄድሁ። በመንገድ ላይ ለአባትሽ ልደውል ስል፣ መድረክ ሲወጣ ስልኩን እንደሚዘጋው ትዝ አለኝ።

ስንገባ ጀምሮ ነበር። ሰው ሁሉ «በላይነህን! በላይነህን!» እያለ ያጨበጭባል። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ክንዴን ጨበጡኝ። አስቢው፤ የሞተ ልጅሽን ስም ያ ሁሉ ወጣት እያጨበጨበ ሲጠራው። ከፊት ቦታ ለቀቁላቸውና ተቀመጡ። አባትሽ የማንኮራፋቱን ነገር ያዘ። ሕዝቡ ሊስቅ ሲል እሳቸው ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አባትሽ አያቸው። ፊታቸው ያስታውቃል መሰለኝ፣ ወይም ልጃቸው እሳቸውን ይመስል ነበር፤ ብቻ አፉ ላይ ያለው ቃል እዚያው ቀረ።

«የበላይነህ እናት ነኝ» አሉ፤ ሳይጮኹ፣ ግን ሁሉም ሰማ።

አባትሽ ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ። ጉልበታቸውን ሳመ። «እማማ፣ ይማሩኝ። ከእንግዲህ ስሙን አላነሳም» አላቸው። ድምፁ ያ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ የቤታችን ድምፅ ነበር።

«ስሙን ተው ልልህ አልመጣሁም» አሉት። «የጎረቤት ልጅ በስልክ አሳየችኝ። ያንተን መልክ አላውቀውም። አነጋገሩን ግን አወቅሁት። ያ የልጄ አፍ ነው። አንድ ነበር ያለኝ፤ ወንድም እህት ስላልነበረው ያገኘውን ሁሉ የእናቴ ልጅ ነበር የሚለው።»

አባትሽ አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው። ቀልዱ የእኔ አይደለም፣ የሱ ነው። እኔ ቀልድ አላውቅም። እዚያ የሚያስቀን እሱ ነበር፤ እኔ የያዝሁትን ነው የምናገረው» አለ።

«እንግዲያስ ንገረኝ» አሉ። «ከእኔ ሲለይ ልጅ ነበር። እቤቴ ሳለ አያንኮራፋም። የሚያንኮራፋ ጎልማሳ ሲሆን ያየኸው አንተ ነህ። አስቀድመህ ሰው የሚስቅበትን ንገረኝ። ከዚያ ሰው የማይስቅበትን ለብቻዬ ትነግረኛለህ።»

ከዚያ ተቀመጡ። አባትሽም ወደ መድረኩ ተመልሶ ወጣ። እንዴት እንደ ወጣ እንጃ። የማንኮራፋቱን ነገር እንደ አዲስ ጀመረው። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሴትዮዋን ያያል፤ ማን ይሳቅ? ሁለት ዘበኛ ተመደበለት የሚለው ላይ ሲደርስ አሰለፈች ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ተከተላቸው። እኔ ግን መሳቅም ማልቀስም አቅቶኝ፣ ባዶ ወንበር ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት ይዘናቸው መጣን፤ ሰነበቱም። በማግስቱ ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጡና አባትሽ የማያስቀውን ነገራቸው። እኔ ድንች እየላጥሁ ሰማሁ። መድፍ ነው። ግንቦት ላይ፣ በዘጠና ሁለት። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ነበሩ፤ የአባትሽም ጣቶች የሄዱት፣ የጆሮውም መስማት የቀረው በዚያው ነው። ሴትዮዋ ሲተርክላቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ውሃ አገኘ?»

«አገኘ። በእጄ ሰጠሁት» አለ አባትሽ።

«እንግዲያ ይበቃኛል» አሉ።

አባትሽ ያንን ሲናገር መሬት መሬት ነበር የሚያየው። እውነት ይሁን፣ ለእናት የሚባል ነገር ይሁን እኔ አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም።

አሰለፈች ሊሄዱ ሲሉ «በላይነህን ለራስህ አታስቀምጠው፣ ለሰው ንገረው» አሉትና መረቁት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ «ታድለሻል፤ የሚያወራ ባል አለሽ» አሉኝ። አሜን አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ እያሰብሁ ግራ የሚገባኝ ይህ ነው። ያ ያሳቀኝ ሰው በላይነህ ከሆነ፣ ይሻው የት ነው ያለው? እኔ በጥቅምት እዚያ ምሰሶ ሥር ቁጭ ብዬ ልቤ የወደደው ማንን ነው? ባሌን ነው እንዳልል ቃሉ የሱ አይደለም። ሟቹን ነው እንዳልል በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለውን ለንስሐ አባቴ እንዴት አድርጌ እናገረዋለሁ?

ደግሞም ይህ ታሰበኝ። የጣቶቹ ነገር ሳያስበው ያመለጠው ነው። የተቀረው ሁሉ የበላይነህ ነው። ከራሱ ልብ አስቦ የሠራው ቀልድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያንቺው ነው፣ ያ ያሳፈረሽ። አጠፋ፤ ስላንቺ ሲሆን አነጋገር የሚያውሰው ሰው አልነበረውም። ይቅር በይው ብዬ አላስገድድሽም። እኔም ገና ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልሁትም፤ አንዳንድ ቀን ይቅር ብዬው አድርና ጠዋት ኤሌኒን መንገድ ላይ ሳያት ይመለስብኛል።

አሁን ከአዲስ አበባ ጠርተውታል፤ ከፋሲካ በኋላ በቴሌቪዥን ሊያቀርቡት ነው። ዋልልኝ በደስታ አብዷል። መጋዘን ጥበቃውን ተው እያለው ነው። አባትሽ ግን እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። የሰው አፍ ይዤ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፣ የራሴ አንድ ነገር ይኑረኝ ይላል። ከሥራ መልስ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ። አንዳንዴ ይጀምርና ለእኔ ሊነግረኝ ይሞክራል። አያስቅም፣ ልጄ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጨርሶ አያስቅም። ግን ይነግረኛል። ትናንት መጋዘን ውስጥ ስላየው ድመት ጀምሮ መጨረሻው ጠፍቶበት ሁለታችንም ተያይተን ዝም አልን። እንደ ድሮው ዝምታ አልነበረም፤ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ ግን ስም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ፈንታነሽ፣ እየሩስን ምንድን ነው የሚያስቃት?»

ምን በልተሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ የትኛው ጎንሽ ላይ እንደምትተኚ አውቃለሁ፣ ስትዋሺ አፍንጫሽን እንደምታኪ አውቃለሁ። ወልጄ ያሳደግሁሽን ልጅ ምን እንደሚያስቅሽ ግን አላውቅም። እዚህ ቤት ስትስቂ ሰምቼሽ ይሆን? ዛሬ ኤሌኒን ጠየቅኋት። «እየሩስ? ኧረ እሷ እዚያ በጣም ነው የምትስቀው» አለችኝ። በምን? አልኋት። አላስታውስም አለችኝ።

እንግዲህ ቀልዱን ይቅር በይው አትበይው፣ ስልኩን አንሺ አታንሺ፣ ያንቺ ፈንታ ነው። ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ልጄ፣ ምን ያስቅሻል? ለእሱ እነግረዋለሁ። ከእሱ በፊት ግን እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የደብረ ታቦር ኢየሱስ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። የምታገለግያት ሴት ልቧ ይራራልሽ፤ ደረትሽ ከሳል፣ ስምሽ ከሰው አፍ ይጠበቅልሽ። ሰው አገር አያስቀርሽ፤ በእግርሽ ወጥተሻልና በእግርሽ ግቢ።

ምን ብዬ እንደጻፍሁልሽ የማላውቀው እናትሽ
ፈንታነሽ